ክቡ ጎጆ ያቀፈው ቤተ መቅደስ

የጋይንት ሰው ስለ አድባራቱ ሲተርክ ከድንጋዩ በፊት ዜማውን ያነሣል። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ከአፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ከአክሱም ተነሥቶ ወደዚህ አገር መጣ፤ ዙር አምባ ላይም ዝማሬና መዋሥእት አስተማረ። ዙር አምባ ዛሬም የዝማሬና የመዋሥእት ምስክር ቤት ነው። በሌላ ደብር የተማረ ደቀ መዝሙር አስመስክሮ መምህር ለመባል አኩፋዳውን አንግቶ ወደዚያ ይወጣል። እዚያው ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም ደግሞ የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከዚህ ራቅ ብሎ በእስቴ ምድር ያለው ቆማ ፋሲለደስም ለሌላው የዜማ ስልት ስሙን ሰጥቷል። ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ የሚቆጠረው የድጓ ስልት ሁለቱን ስሞች ያገኘው ከጋይንትና ከእስቴ ነው።

ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚታነጸው ለሚዘመርበት ሥርዓት ነው። በድሮ አገር ላይ አዲስ ቤተ መቅደስ የሚያንጽ ሰው አሮጌውን ምን ያድርገው ለሚለው ጥያቄም ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የሚያረካኝ በጋይንት የተሰጠው ነው።

ቤተ ልሔም ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የቆመው ሕንጻ አራት ማዕዘን ነው። የመካከለኛው ዘመን ሥራ ሲሆን ግድግዳው ከተጠረበ ድንጋይና ከተላገ ወፍራም እንጨት ተሰናስሎ ተሠርቷል። ይህ የአክሱማውያን ጥበብ ነው፤ በትግራይ ደብረ ዳሞ ላይ፣ በላስታም ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ እናየዋለን። ሲሚንቶ በሌለበት ዘመን ድንጋይ የሚያያዘው በጭቃ ነበርና ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር የመሰንጠቅ አደጋ አለበት። እንጨቱ በየደረጃው ተጋድሞ ሸክሙን ያከፋፍላል፣ ማዕዘኑንም አጥብቆ ይይዛል። ጌጥ የሚመስለው ሁሉ ሥራ አለው። ላሊበላ ላይ ከአንድ ዐለት ሲፈለፍሉ እንኳ ጠራቢዎቹ የእንጨቱን ቅርጽ በድንጋዩ ላይ ቀርጸውታል፤ እንጨት በማያስፈልግበት ዐለት ላይ የአባቶቻቸውን የግንባታ ቋንቋ ላለመርሳት ብለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የግራኝ ዘመን መጣ። ከሽንብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ከሸዋ እስከ ትግራይ ብዙ ታላላቅ አድባራት ተቃጠሉ፣ ንዋየ ቅድሳታቸውም ተዘረፈ። አፄ ገላውዴዎስ ጋይንትና እስቴ በሚገኙበት በበጌምድር፣ ወይና ደጋ ላይ፣ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ድል ካደረጉ በኋላ አገሩ ቤተ ክርስቲያኖቹን እንደገና መሥራት ነበረበት። ዕቃው ግን አልቋል፣ ጠራቢዎቹ ተበትነዋል፣ ቤተ መንግሥቱም ደኽይቷል። ባላገሩ የሚችለውን ሠራ። የሚችለው ደግሞ የራሱን ቤት የሚሠራበትን ክብ ቅርጽ ነበር። ድንጋይና ጭቃ፣ ጥድና ወይራ፣ ከላይ የሣር ክዳን።

ክብ ቤተ ክርስቲያን በበጌምድርና በጎጃም የተስፋፋው ከዚህ ወዲህ ነው። ቅርጹ የድኻ ቢመስልም አሠራሩ ረቂቅ ነው። ውጭኛው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደባትር መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙበት። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ምእመናን የሚቆርቡበት። መካከሉ ላይ ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ ይቆማል፤ እሱ ግን ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ሠዓሊዎች ቅዱሳንን የሚሥሉትም በዚህ በአራት ማዕዘኑ ግድግዳ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ጉልላቱ የሰጎን እንቁላል ተሰክቶበት ይቆማል። እንግዲህ የበጌምድር ክብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በልቡ ውስጥ የጥንቱን አራት ማዕዘን ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው።

በዚህ መካከል ከባሕር ማዶ የመጡ ሌሎች ሐናጺዎች ነበሩ። ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. ገብቶ በአፄ ሱስንዮስ ፊት ሞገስ አገኘ፤ ጎርጎራ ላይ በድንጋይ አስገነባ። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ደግሞ እቴጌ እሌኒ ያሠሯትና በግራኝ ዘመን የፈረሰችው መርጡለ ማርያም በኢየሱሳውያን እጅ እንደገና ታነጸች። በኖራ የማያያዝ ጥበብ በአገሩ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። የድንጋይ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት ሥራቸው ዛሬም መርጡለ ማርያም ላይ ይታያል፤ ያማረ ሥራ ነው፤ ለእውነት መመስከር ያስፈልጋል።

ከፓኤዝ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና ይባረኩ አለ። ለጋይንትና ለእስቴ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። አባቱ የተቀበረበት ደብር እስከ ትናንት ድረስ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም ተብሎ ተነገረው። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት አመፀ፣ የበጌምድርም ሰው ደሙን አፈሰሰ። በመጨረሻም በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባረሩ፤ ኖራቸውን ግን አስቀሩ። የጎንደር ግንቦች በኖራ ቆሙ። ጎጃምን ከእስቴ በኩል ከበጌምድር ጋር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይም በዚያ ዘመን በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለተሰበረ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ፤ ባላገሩም ለብዙ ዓመታት በስብራቱ ላይ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ሰው የጠላው አዲሱን ጥበብ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። የጠላው የኖረውን እንዳልነበረ የሚቆጥረውን ትእዛዝ ነው። በሌላ አገር ላይ ቤተ አምልኮ የሚያንጽ ሁሉ ይህን የ17ኛውን መቶ ዘመን ታሪክ ቢያነበው ይጠቀማል።

ክቡ ቅርጽ በአገሩ ከሠለጠነ በኋላ የቤተ ልሔም ሰዎች አንድ ትልቅ ውሳኔ ነበረባቸው። ዘመኑ ክብ ቤተ ክርስቲያን ይሻል፤ ማኅሌቱም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ጥንታዊው አራት ማዕዘን ጠባብ ነው። አፍርሰው ድንጋዩን ለአዲሱ ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር፤ በሌላ አገር ብዙ ጊዜ የተደረገው ይኸው ነው። እነሱ ግን አንድም ድንጋይ ሳያነሡ ዙሪያውን ክብ ግድግዳ አቆሙለትና ከላይ ትልቅ የሣር ክዳን ደፉበት። አሮጌው ሕንጻ እንዳለ ውስጥ ቀረ። ከውጭ ለሚያየው ከሌላው የገጠር ቤተ ክርስቲያን የማይለይ ጎጆ ሆነ፤ ደጁን ሲያልፉት ግን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ይቆማል።

የዚህን ሥራ ብልሃት ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ይበልጥብኛል። በመጀመሪያ ክዳኑ ጠበቀው፤ የክረምት ዝናብና የበጋ ፀሐይ የጥንቱን እንጨት ሳይነኩት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት አለፉ። ሁለተኛም በአሮጌው ግድግዳና በአዲሱ ዙሪያ መካከል የተተወው ቦታ ለማኅሌት ተመቸ። ቤተ ልሔም የድጓ ቤት ናትና ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ሲያዜሙ፣ ሲዘምሙና ሲያሸበሽቡ የሚቆሙበት ስፍራ ያስፈልጋቸዋል። ሣሩና ጭቃው ድምፅን አያስተጋቡም፤ ዜማው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የመቋሚያው ምት ከከበሮው ጋር አይደበላለቅም። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በመካከሉ አራት ማዕዘን መቅደስ ካለው፣ የቤተ ልሔም ሰዎች አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን በሙሉ በመቅደስ ቦታ አስቀመጡት ማለት ነው። ያለፈውን ዘመን ሥራ ከሁሉ በከበረው ስፍራ አኖሩት። ስማቸውን የጻፈልን የለም፤ እኔ ግን ከታላላቅ ሐናጺዎች ጋር እቆጥራቸዋለሁ።

የመሳፍንት ዘመን ሲመጣ የበጌምድር ማዕከል ደብረ ታቦር ሆነች። ራስ ጉግሣ ከተማቸውን እዚያ አደረጉ፣ የደብረ ታቦር ኢየሱስም ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። የማኅሌቱ አቋቋም እንኳ በዚህ አካባቢ አዲስ መልክ አገኘ። የፎገራ ናበጋው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም ስልት ሲያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረውና ስልቱ በስሙ ተክሌ ተባለ። አዲስ ነገር በዚህ አገር ቦታ የሚያገኘው እንዲህ ነው፤ ከነባሩ ጎን ቆሞ፣ ከእሱ ተምሮ፣ ቀስ ብሎ።

በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ደግሞ ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ። ለክርስቲያኑ ሕዝብ አዲስ ሃይማኖት እንዲሰብኩ አልተፈቀደላቸውም። ንጉሡ የፈለጓቸው ለእጅ ሥራቸው ነበር። ጸሎት ቤት እናቆማለን ብለው የመጡ ሰዎች መድፍ አቀለጡ። ከዚያ የወጣው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በጋይንት ምድር አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ፣ ገደሉ እየተናደለት በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። ጨጨሆን የሚያውቅ ያንን ድካም ይገምታል። ንጉሡ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት፤ ጎንደርም ከጥቂት ጊዜ በፊት በእሳቸው እጅ ተዘርፋለች። አድባራት በባዕድ ብቻ ፈረሱ ብሎ መጻፍ እውነቱን ማጉደል ነው።

ቤተ ልሔም ግን በጎጆዋ ውስጥ ቆየች። በ1955 እ.ኤ.አ. ከኦክስፎርድ ትምህርቱን የጨረሰ ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን አምባ ፍለጋ በበቅሎ እየዞረ ጋይንት ደረሰ። ተራ ጎጆ መስሎት ደጁን ሲያልፍ ቀላ ባለ ጥርብ ድንጋይና በተላገ እንጨት የተሠራ የመካከለኛው ዘመን የቤተ ክርስቲያን ፊት ከፊቱ ቆመ። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1959 እ.ኤ.አ. ታትሞ ቤተ ልሔምን ለውጭ ምሁራን አስተዋወቀ። የድጓ ተማሪዎች ግን ያን ሕንጻ ሁልጊዜም ያውቁት ነበር፤ በየሌሊቱ ፊቱ ቆመው ያዜሙ ነበርና።

በዚያው ዘመን አካባቢ አክሱም ላይ ሌላ ምርጫ ተደረገ። አፄ ኃይለ ሥላሴ አፄ ፋሲል ካሠሩት ከአሮጌው ጽዮን ማርያም አጠገብ ትልቅ ጉልላት ያለው አዲስ ካቴድራል አቆሙ። አሮጌው ለወንዶች ብቻ ነበርና ሴቶች የሚገቡበት ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ማግኘታቸው መልካም ነው። አሮጌው ባለመፍረሱም ደስ ይለኛል። ዳሩ ግን አዲሱ በመጠኑ ጎልቶ አሮጌውን ያሳንሰዋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሳሉ አይነጋገሩም።

በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚያወጣውን መንገድ ሠሩ። ቴዎድሮስ መድፍ ያስጎተቱበት አገር ላይ የጭነት መኪና ወጣ፤ በመኪናውም ቆርቆሮና ሲሚንቶ ተጫነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ ነቅፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የሰበካውን ሰዎች እረዳቸዋለሁ። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ አለበት። ሜዳው ሁሉ ታርሶ የክዳን ሣር ጠፍቷል፣ ረጅም የጥድ ማገር የሚቆረጥበት ደን የለም። እሳትም ያሰጋል። ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከስማዳ ወገዳ እስከ እስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ ባለው አገር በፀሐይ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ጣራ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያሳዝነኝ ቆርቆሮው አይደለም። የሚያሳዝነኝ በየቦታው አዲስ የብሎኬት ሕንጻ ለማቆም ሲባል ሥዕል ያለበት የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ ነው። ሊቃውንቱ የቆሙበት የቅኔ ማኅሌት ዙር በሴራሚክ ወለልና በሲሚንቶ ግድግዳ ሲተካ ድምፁ ይስተጋባና ዜማው ይደፈርሳል፤ ያን ለማሸነፍ ድምፅ ማጉያ ይገባል። የከተማው ካቴድራል ንድፍ ወደ ገጠሩ ሲወርድ ከሕዝቡ ቁጥርም ከማኅሌቱም ጋር ሳይለካ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቷል፤ ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአንድ ሌሊት የሚፈርስን ግድግዳ ከሕጉ ይልቅ የሚያድነው የደብሩ አለቃና የሰበካው ሽማግሌ የሚያውቁት ነገር ነው። ንድፍ የሚያወጣው መሐንዲስ እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ቢያድር ብዙ ነገር ይገባዋል።

በ2000 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ አራት ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ገንዘቡ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ንድፉ ከጣሊያን ነበር። ሐሳቡ የቤተ ልሔም ሐሳብ ነው፤ አሮጌውን ሳይነኩ ከላይ መሸፈን። ዝናቡንም ከልክለዋል። ሆኖም ለጥቂት ዓመታት ተብለው የተተከሉት መጠለያዎች ቆዩ፤ ክብደታቸው መሠረቱን ይጎዳል የሚል ስጋት አደረ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ። ከወራት በኋላ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው ለመርዳት ቃል ገቡ። የቤተ ልሔምን ጎጆ የሠሩት በየዕለቱ የሚያዜሙበት፣ ሲያረጅም ራሳቸው የሚያድሱት ሰዎች ነበሩ። የላሊበላን መጠለያ ካህናቱ ብቻቸውን ሊያድሱት አይችሉም፤ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በድሮ አገር ላይ አዲስ ነገር እንዴት ይታነጽ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተችው፣ ተከታዮቿ በተለምዶ ሞርሞን የሚባሉት ቤተ ክርስቲያን ቤተ መቅደሶቿን ለረጅም ጊዜ ከሩቅ በሚታይ ማማ፣ አናቱም ላይ በወርቅ በተለበጠ የመልአክ ሐውልት ስታሳውቅ ቆይታለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን በፓሪስ አጠገብ፣ ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት ብዙም በማይርቅ ስፍራ ባስመረቀችው ቤተ መቅደስ ላይ ማማ አልተከለችም፤ ሕንጻው በአትክልት ተከቦ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተመረቀው ደግሞ ከከተማዋ የቆየ ሥነ ሕንጻ የተቀዳ ሞላላ ቅርጽ ይዞ ቆመ። በሃይማኖቱ ከእኛ የራቀ፣ በዕድሜም ወጣት የሆነ ማኅበር ወደ ሌላ ሰው ጥንታዊ ከተማ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረግን ከተማረ፣ የራሳችን ልጆች በራሳችን ደብር ላይ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርጉ አይገባም።

በቅርቡ ደግሞ ጋይንትና እስቴ ዛሬ የሚገኙባት ደቡብ ጎንደር ራሷ አዲስ መልስ ሰጥታለች። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ አካባቢ ያሉ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል፤ ሌላው ሁሉ ተመንጥሮ ሳለ ጥዱና ወይራው፣ ዋንዛውና ብሳናው የቀረው በአድባራቱ ዙሪያ መሆኑን አሳይተዋል። ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ውጭኛ ግድግዳ ነው፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ ያለ አራተኛ ዙር ልትሉት ትችላላችሁ። ከብት እየገባ ችግኙን ሲበላ፣ እርሻውም በየዓመቱ ጠርዙን ሲቆርስ ዙሩ እየጠበበ ሄደ። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከገበሬው ጋር መከሩ። የተገኘው መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ ለማረሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ለቅሞ ያመጣል፤ ያለ ሲሚንቶ ይካባል፤ በር ይወጣለታል። ማሳው ይጸዳል፣ ከብቱ ይታገዳል፣ ችግኙ ያድጋል። ደብረ ሰና እና ዣራ ላይ ካቡ ከቆመ በኋላ ሌሎች አድባራትም ለራሳቸው ጠየቁ። በአንዳንዱ ቦታ ካቡ የተካበው ከዛፎቹ ጠርዝ ወጣ ብሎ ነው፤ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት መሬት እንዲኖረው።